የአቧራ ካርታ

ሙሐረቅ፣ ከገበያው ጀርባ፣ መኪና በማይደፍረው ስርጥ፣
አንድ አሮጌ ቤት ይላጣል፣
ዳግመኛ እንዳይላጥ።
ድንጋዩ ከባሕር ወጥቷል፣ ቀዳዳው ብዙ፣ እንደ ደረቀ ዳቦ፤
ወራጆቹ ግን ከአፍሪካ ዳርቻ መጡ ይላል ሻምሱል፣
በሃያ በሃያ ታስረው፣ በጀልባ ተጭነው፣
«እንዳንቺው» ብሎ ይስቃል፣ ቅንድቡ በጄሶ ነጥቶ።
እኔም እስቃለሁ። የኔስ በአውሮፕላን ነው።

ባንድ ክፍል ነው የምንኖር፣ እኔና ማማ ሙዛ።
ልጇ «ሆቴል ልውሰድሽ» ቢላት
«ስሞት ትወስደኛለህ» አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።
በሩ ላይ ላስቲክ ወጠርን፣ ጠርዙን በፕላስተር አሸግን።
አቧራ ግን ዘመድ ነው፣ ሳይጠሩት ይገባል፤
ከጨው ጋር ይቀመማል፣ ከሩዙ ጋር ይበስላል፣
በቁርኣኗ ቅጠሎች መሃል ተኝቶ ያድራል፤
ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ውሃው ወተት ይመስላል።
ትናንት የጠረግሁትን ዛሬም እጠርገዋለሁ፤
አንዳንዴ ያው ራሱ ይመስለኛል፣
እንዴት አደርህ እለዋለሁ።

የታመመው ግድግዳው ነው። ጨው ያልበዋል።
ሻምሱል መዶሻውን አስቀምጦ፣
በሱ ስብርባሪ ዐረብኛ፣ በኔ ስብርባሪ ጆሮ
ሕመሙን አስረዳኝ፤
«ይጠንክር ብለው ድሮ ሲሚንቶ ቀቡት፣
ትንፋሽ አሳጡት፤
ውስጥ የቀረው እርጥበት መውጫ ሲያጣ
ጨው ሆኖ ፈንድቶ ወጣ።»
ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ይፈነቀላል፣
በጆንያ ይወጣል፣
ላወጣው ይከፈላል።

ማታ ስልኬ ይጮኻል። አራጋው ነው፣ ወንድሜ፣ ከሐርቡ።
«ሲሚንቶ ጨመረ፤ አርባ ኩንታል ይጎድለናል፣ ላኪ።
ጭቃውን ቤት ገሚሱን አፈረስነው፣ ብሎኬቱ ወገብ ደርሷል፤
እማዬን ጎረቤት አስጠጋናት፣ አቧራው ሳል ሆኖባታል።»
እኔ ላስቲኩ ሥር ቁጭ ብዬ
ከጸጉሬ ላይ ሲሚንቶ አራግፋለሁ፤
ይሄ ስንት ኩንታል ይሆን፣ እገምታለሁ።

አባታችን ጭቃ አቡኪ ነበር።
ጭድ ነስንሶ፣ ሦስት ቀን አሳድሮ፣ እስከ ጉልበቱ ገብቶ እየረገጠ
«ቤት አፍንጫ አለው» ይል ነበር፣ «አትድፈኑበት።»
ለአራጋው ልነግረው አሰብሁ፣
«የጓሮውን ግድግዳ እንኳ ተዉት» ብቻ ወጣኝ።
«አቧራው ጭንቅላትሽ ገብቷል» አለና
ሳቁ መሃል ላይ መስመሩ ተቆረጠ።

ዐርብ ሥራ የለም። መዶሻው ዝም ሲል ቤቱ ጆሮ ያበቅላል።
ጠረጴዛው ላይ ያደረውን አቧራ ልጠርግ ስል
ማማ ሙዛ ጨርቄን ያዝ አደረገች፣
በጣቷ መሥመር ጀመረች።
ይኸ የውሃው ጉድጓድ። ይኸ የእናቴ ክፍል።
ይኸ ሰገነቱ፣ በበጋ ዘጠኝ ልጆች የምንተኛበት።
ይኸ ደረጃ፣ አባቴ ከዕንቍ ጠለቃ ሲመለስ
ጆሮው እየደማ የሚያርፍበት።
ከዚያ እጇን ሰበሰበች፣ ቦታ ለቀቀችልኝ።
ጥግ ላይ ሠራሁ፤ አንድ በር፣ አንድ ምሰሶ፣ ጓሮ።
«ይኸው ነው?» አለች።
«ይኸው ነው።»
ጥቂት አየችና «ፍየሏስ የት ታድራለች?»
ረስቻት ነበር። ከምሰሶው አጠገብ አንዲት ነጥብ ጨመርሁ።
አራጋው ከማዘጋጃ ቤት ካርታ ሲጠብቅ ሁለት ዓመቱ፤
እኔ ባንድ ዐርብ ባለካርታ ሆንሁ።

ከሰዓት ልጇ መጣ፣ ራሺድ፣ ነጭ ልብሱን ሰብሰብ አድርጎ፣
የመኪናውን ቁልፍ ጣል አደረገ
የእናቷ ክፍል ላይ።
«እዚህ ቤት የሚጠርግ የለም እንዴ?» አለ።
እሷ ቁልፉን አየች፣ እኔም ቁልፉን አየሁ።
ጨርቄን አነሣሁና
ሄጄ መስኮቱን ጠረግሁ።